ከወንጌሉ የሸሸ እጅ

ዙሀይራ ከሮቤ ተነሥታ ጎባ የደረሰችው ቅዳሴ ገና ሲወጣ ነበር። ሙስሊም ናትና ወደ ቅጽሩ አልገባችም፤ ከበሩ ውጭ ካለው ትልቅ ጽድ ሥር ቆማ ነጭ የለበሱት ምእመናን ሲያልፉ እየተመለከተች ጠበቀች። መሪጌታ ፍቅረሥላሴ መቋሚያቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ ሻሿን አስተካክላ ቀረበቻቸው።

«ነጋዮማ፣ አባ! እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺ የከማለዲን ልጅ አይደለሽም? ምነው፣ አባትሽ ደኅና ነው?»

«ደረቱ ያስቸግረዋል እንጂ አልሐምዱሊላህ። እሱ ነው የላከኝ። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ኮሚቴ ሐሙስ ጉዳዩን ይሰማለታል። ከአባባ የሻምበል ጦር በሕይወት የተገኙት ምስክር እርስዎ ብቻ ነዎት። ‹ዲያቆኑ ፍቅረሥላሴ አለልኝ፤ አታስቢ› ብሎኛል።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ። «ምን ብዬ ነው የምመሰክረው?»

«ያዩትን ነዋ! ጉብታው ላይ ብቻውን እንደ ዋለ። ደግሞ የማፈግፈጉ ትእዛዝ እንዳልደረሰው። መልእክተኛው ትንሣኤ መንገድ ላይ ወድቆ ነው ይላል አባባ፤ እስከ ዛሬ ዱዓ ያደርግለታል።» ዙሀይራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሐኪሙ ለእኛ የነገረንን እሱ አያውቅም፣ አባ። ከዳተኛ እንደ ተባለ እንዳይቀበር ነው የምለምንዎ።»

«እመጣለሁ» አሉ መሪጌታ።

ከማለዲንና ፍቅረሥላሴ በሶማሌ ወረራ ዘመን አብረው ተመልምለው፣ በአንድ የሻምበል ጦር ወደ ባሌ ቆላ የወረዱ ናቸው። አንዱ የአጋርፋ ገበሬ ልጅ፣ ሌላው ከድጓ ጉባኤ ተለይቶ የተወሰደ የጎባ ዲያቆን። ከማለዲን መትረየስ ተኳሽ ሆነ፤ ዲያቆኑ ግን እግሩ ፈጣን ነበርና መልእክተኛ አደረጉት። ጦሩ ሊከበብ በተቃረበበት ቀን ከማለዲን ከአንድ ጉብታ ላይ መትረየሱን ጠምዶ የጠላትን መንገድ ዘግቶ ዋለ። ጦሩ ተረፈ። እርሱ ቆስሎ ተማረከ። ከረጅም የእስር ዘመን በኋላ ምርኮኞቹ ሲለቀቁ፣ ባልንጀሮቹ አበባ ሲታቀፉ፣ እርሱ ለብቻው ወደ ጎን ተጠራ። በአገልግሎት መዝገቡ ላይ «የማፈግፈግ ትእዛዝ ደርሶት በፈቃዱ የቀረ፤ ከጠላት ጋር የተቀላቀለ» የሚል ሰፍሮ ነበርና። የጦር ሜዳ ጀብዱ ሜዳይ ይገባዋል የተባለው ሰው ከዳተኛ ሆነ። «ወደ ሃይማኖት ወንድሞቹ ሄደ» ብለው ያሙትም አልጠፉም።

ያችን «ደርሶት» የምትል ቃል ለሻምበሉ የሰጣቸው ግን ሟቹ ትንሣኤ አልነበረም። ፍቅረሥላሴ ነበር።

በዚያ ቀን ሻምበል ተሰማ ዲያቆኑን ጠርተው፣ «ሩጥ፤ ከማለዲንን ‹ቦታህን ልቀቅ፤ ወደ ኋላ ተመለስ› በለው» አሉት። በወገንና በጉብታው መካከል አንድ ደረቅ ሸለቆ ነበር። ዲያቆኑ እስከ ሸለቆው አፋፍ ሮጠ። ከዚያ ወዲያ ጥይቱ እንደ በረዶ ይወርድ ነበርና ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተወሽቆ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ የያዘውን የጥበቃ መዝሙር ይደግም ጀመር፤ በአጠገቡ ስንቱ ቢወድቅ ክፉ ወደ እርሱ እንደማይቀርብ የሚናገረውን። መዝሙሩን ሲጨርስ እግሩ ወደ ፊት አልታዘዝ አለው። ወደ ኋላ ግን ታዘዘለት። ሻምበሉ «አደረስህ?» ሲሉት፣ «አድርሻለሁ» አለ።

አንዲት ቃል ናት። ሻምበሉ ከማለዲንን ጠብቀው ጠብቀው ባጡት ጊዜ ኀዘናቸው ወደ ቁጣ ተለወጠ። ጉብታው ላይ የቀረውን በክዳት ሲያስጽፉ፣ «በእሳት መካከል ትእዛዝ ያደረሰ» ብለው ለዲያቆኑ ሜዳይ አሰጡት። ትንሣኤ የተባለው ሌላው መልእክተኛ በዚያው ዕለት በሌላ አቅጣጫ ወድቆ ነበር፤ ሙት አይከራከርምና የከማለዲን ግምት በእርሱ ላይ ዐርፎ ቀረ።

ፍቅረሥላሴ ከጦር ሜዳ ሲመለስ ለንስሐ አባቱ «ፈራሁ» ብሎ ተናዘዘ፤ «ዋሸሁ» አላለም። ለፍርሀቱ ቀኖና ተቀበለ። ጾመ፤ ጉልበቱ እንደ ግመል ጉልበት እስኪደድር ሰገደ። ሜዳዩን ከሣጥን ግርጌ፣ ከአሮጌ ካባ ሥር ቀበረው። ቅስና ሲሰጡት «ጦር የያዘ እጅ መሥዋዕት አይዳስስም» ብሎ እምቢ ቢል፣ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ትሑት ነው!» አለ። ያ ምስጋና ከስግደቱ ይልቅ ከበደው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ በእነዚህ ሁለት ሰዎች ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ የተወጋው ወጊውን ሳያውቅ ሲኖር፣ የወጋው እሾሁን በራሱ ሥጋ ውስጥ ይዞ አረጀ።

ሐሙስ መሪጌታ ሮቤ ሲደርሱ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ከማለዲንን ምርኩዙን ተደግፎ ቆሞ አገኙት። ሳቁ እንደ ጥንቱ ነው፤ ሳሉ ግን አዲስ ነው።

«ዲያቆን! ዛሬም በእግርህ ሮጠህ መጣህ?»

«በሚኒባስ ነው የመጣሁት።»

«ወይ እርጅና! ያኔማ ሚዳቋ ነበርህ።» ወደ ተሰበሰቡት ሰዎች ዞረ። «ይኸ ሰው እኮ የሻምበላችን ሚዳቋ ነበር! ‹ሂድ› ሳይሉት ደርሶ የሚመለስ!»

ሰው ሳቀ። መሪጌታም አብረው ለመሳቅ ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረተኛው የመቶ አለቃ ጉተማ ነበሩ፤ ቃል የምትጽፈው ኢየሩስ የምትባል የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ። ጠረጴዛው ላይ ወንጌልና ቁርኣን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«መሪጌታ፣ ቀኝ እጅዎን ወንጌሉ ላይ ያኑሩና ‹የማውቀውን ሁሉ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ› ብለው ይማሉልን» አሉ ጉተማ።

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «ሳልቀንስ» የምትለዋ ቃል ግን እጃቸውን አየር ላይ ያዘችው። ትንሣኤ ነበር ብለው ቢምሉ ወዳጃቸው ነጻ ይወጣል፤ እሳቸው ግን በእግዚአብሔር ቃል ላይ ሐሰት ይምላሉ፤ በዚያም ላይ ለሟች ነፍስ የማያውቀውን ያሸክማሉ። እውነቱን ቢናገሩ የጎባ ሰው ሁሉ መሪጌታ ፍቅረሥላሴ ማን እንደ ሆኑ ያውቃል። እጃቸው ቀስ ብሎ ተመለሰና ከጋቢው ሥር ገባ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ፤ ድምፃቸው የማሕሌት ድምፅ ነበር፤ ጥርት ያለ። «እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ። ጌታ በወንጌል መማልን ከልክሏል። በመጽሐፉ ላይ እጄን ጭኜ መጽሐፉን ራሱን አልሽርም።»

ከኋላ አግዳሚ ወንበር የተቀመጡ አንዲት ባልቴት፣ «ይበል! እንዲህ ያለ የእግዚአብሔር ሰው ዛሬ የት ይገኛል?» አሉ። ሌሎችም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እምነትዎን አከብራለሁ» አሉ ጉተማ ተቸግረው። «ግን ያለ ማሐላ የተሰጠ ቃል ‹ወሬ ነው› ተብሎ ከበላይ ይመለስብናል። ይህ ወር ካለቀ ደግሞ ፋይሉ ይዘጋል።»

ዙሀይራ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «አባ! ልጅ ሆኜ ‹የከዳተኛ ልጅ፣ ወደ ኋላ› እያሉ ከቦኖ ወረፋ ሲገፈትሩኝ አይተው የለም እንዴ? እንስራዬን ያነሡልኝ እርስዎ አልነበሩም?»

እውነቷን ነው፤ አንሥተውላት ነበር። እንስራዋን አንሥተው፣ ቃሉን ግን ከላይዋ ሳያነሡ ሄደዋል።

«ዝም በይ!» አላት ከማለዲን። «ሰው በሃይማኖቱ አይገደድም።» ከዚያም ምርኩዙን እየተደገፈ ወደ መሪጌታ ቀረበና ትከሻቸውን ያዘ። «አይዞህ ዲያቆን። አላህን የምትፈራ ሰው ነህ፤ ድሮም አውቅሃለሁ።»

መሪጌታ ከዚያ ክፍል እንዴት እንደ ወጡ አላወቁትም። ወደ ጎባ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ነገሩን የሰማ አንድ ሰው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላቸው፤ ሊወርድም ሲል ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። በስግደት የደደረውን ያን ጉልበት። «ተው ልጄ፣ ተው» አሉ፤ ሰውየው ግን ይህንንም ትሕትና ብሎ ወሰደው።

ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ሽሮ አቅርበው ጠበቋቸው።

«ምስክርነቱ እንዴት ሆነ?»

«ማሐላ ጠየቁኝ። ወንጌል ይከለክላል ብዬ ተመለስሁ።»

ወይዘሮዋ እጃቸውን ከገበታው መለሱ። «ዐምና የጎረቤታችን የድንበር ክርክር ጊዜ ፍርድ ቤት ገብተው ምለው አልመሰከሩም እንዴ?»

መሪጌታ እንጀራ ቆረሱ።

«ያን ጊዜ ወንጌሉ አይከለክልም ነበር?»

በተንኮል አልነበረም፤ እንደ ቀላል ነገር፣ ሽሮው እንዳይቀዘቅዝ እያሰቡ የጠየቁት ነው። መሪጌታ ግን ቆርሰው የያዙትን እንጀራ መልሰው መሶቡ ላይ አኖሩት። ስንት ዘመን ሙሉ ለሌላው ሲያስተምሩት የኖሩት ነገር በሽሮ ፊት ተገለጠላቸው፦ ለእግዚአብሔር የተሰገደ ስግደት ከሰው የተቀማን ስም አይመልስም። የቀሙትን ይዘው ምሕረት ሲለምኑ ኖረዋል፤ ዛሬ ደግሞ ቅሚያውን ከወንጌል ገጽ ሥር ሸሽገውታል።

በማግስቱ ከሮቤ ወጣ ብሎ ካለው የከማለዲን ማሳ ሄዱ። አዝመራው ደርሶ ኮምባይነር ስንዴውን እያጨደ ይጮኻል። ከማለዲን በባሕር ዛፍ ጥላ ተቀምጦ ያያል፤ ዙሀይራ ከአባቷ ጎን ሆና በወስፌ የጆንያ አፍ ትሰፋለች።

«ኮቱ፣ ዲያቆን! ና፣ ተቀመጥ! አየህ ስንዴውን? እንደ ፈረስ ጋማ ነው የወረደው!»

መሪጌታ አልተቀመጡም። «ከማለዲን፣ ትንሣኤ አልነበረም» አሉ።

«ምን?» ከማለዲን መዳፉን ጆሮው ላይ አደረገ። ከጥንት ጀምሮ መትረየሱ ያደነቆረው ጆሮ ነው።

«ትንሣኤ አልነበረም አልሁህ!»

«ይኸ መኪና አያሰማም! ጮኽ በል!»

እንግዲህ ያ ለእግዚአብሔር እንኳ በሹክሹክታ ብቻ ሲነገር የኖረ ነገር በጩኸት መነገር ነበረበት። መሪጌታ ጎንበስ ብለው፣ ባላቸው ድምፅ ሁሉ ጮኹ። «ትእዛዙን እንዳደርስልህ የተላክሁት እኔ ነኝ! ሸለቆው አፋፍ ላይ መዝሙር እየደገምሁ ቀረሁ! ተመልሼም ‹አድርሻለሁ› አልሁ! ከዳተኛ ያሰኘሁህ እኔ ነኝ!»

ኮምባይነሩ ማሳው ጫፍ ደርሶ ሞተሩን አጥፍቶ ስለ ነበር፣ የመጨረሻዎቹ ቃላት በጸጥታው ላይ ወደቁ። የዙሀይራ ወስፌ ቆመ።

ከማለዲን ዐይኑን ወደ ስንዴው መለሰ።

«ትንሣኤ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«በእስር ቤት ሳለሁ በየሶላቱ ለእርሱ ዱዓ አደርግ ነበር።» የሚናገረው ለመሪጌታ ሳይሆን ለማሳው ይመስል ነበር። «ውኃ ሲነፍጉን፣ ቁስሌ ሲሸት፣ ‹እኔን ሊያድን ሲመጣ የሞተ ሰው አለ፤ እንግዲህ መሞት የለብኝም› እያልሁ ነው የቆየሁት። ያ ሰው ነው ያኖረኝ።» ሳቅ የመሰለ ነገር ከደረቱ ወጥቶ ወደ ሳል ተለወጠ። «ለካስ ያ ሰው ኖሮም አያውቅ! አፋፉ ላይ ቁጭ ብለህ ትደግም ነበር!»

«ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ...»

«አትበለኝ።» ከማለዲን ፊቱን መለሰ። «መፍራትህን ይቅር ብያለሁ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ወላሂ፣ ሱሪዬን አርጥቤያለሁ። ‹አድርሻለሁ› ያልኸውን ግን እንዴት እንደማደርገው አላውቅም። የትናንቱንም አላውቅም፤ እኔ ትከሻህን ይዤ ‹አይዞህ› ስልህ ዝም ያልኸውን። እሷን ጠይቃት። በእሷ ላይ ነው የኖረው።»

መሪጌታ ወደ ዙሀይራ ዞሩ። እሷ ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ ወስፌውን እንደገና ጆንያው ውስጥ ሰካች።

«እኔ የምጠይቅዎ ነገር የለኝም» አለች። «ጽሕፈት ቤቱ ሰኞ ይከፈታል።»

ሰኞ ዕለት መሪጌታ ከሣጥኑ ግርጌ ያወጡትን በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። የመቶ አለቃ ጉተማ ገና «እንዴት ነው፣ ሃይማኖትዎ...» ብለው ሳይጨርሱ ቀኝ እጃቸውን ወንጌሉ ላይ ጫኑ።

«ሃይማኖቴ አልከለከለኝም ነበር፤ የከለከልሁት እኔው ነኝ» አሉ። ከዚያም ማሉ፤ ተናገሩም። ሸለቆውን፣ ቋጥኙን፣ መዝሙሩን፣ «አድርሻለሁ» ያሉባትን ጊዜ፣ ስለዚያች ቃል የተሸለሙትን ተናገሩ፤ ያለፈውን ሐሙስ እንኳ አላስቀሩም። የማሕሌት ድምፃቸው ዛሬ አልመጣም፤ ሻካራና ዝቅ ያለ የሽማግሌ ድምፅ ነበር። በሐሙሱ ጊዜ ያመሰገኗቸው ባልቴት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ኢየሩስ እስክሪብቶዋን አቆመች። «መሪጌታ፣ ይህንንም ልጻፈው?»

«ጻፊው ልጄ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።»

መሐረቡን ፈትተው ሜዳዩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «የእኔም መዝገብ አብሮ ይታረም። ይህን የተሸለምሁት ላልሄድሁበት መንገድ ነው።»

ጉተማ ሜዳዩን አልነኩትም። «ትእዛዙ አልደረሰውምና ክዳት የለም ማለት ነው» አሉ። «ትእዛዝ ሳይደርሰው እስከ መጨረሻው ቦታውን የጠበቀ ወታደር ደግሞ ምን እንደሚባል እኔም ወታደር ነበርሁና አውቃለሁ። ዛሬውኑ ወደ አዲስ አበባ እንጽፋለን።»

ከማለዲን ግድግዳውን ተደግፎ ይሰማ ነበር። ሲወጡ ለመሪጌታ ሰላምታ አልሰጠም።

ከዚያ በኋላ በጎባ ነገሩ ተሰማ። መሪጌታ ማኅሌት ሲቆሙ ዐይን ይከተላቸው ጀመር፤ ጉልበታቸውን ሊስም የሚጎነበስም ጠፋ። ይህን ሲያዩ አላዘኑም፤ ያዘኑት ወደ ሮቤ የሚጠራቸው ሰው ባለመኖሩ ነበር። በተለይ ብርድ በጠናባቸው ቀኖች፣ ከባቱ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ቤቱን ሲያንኳኳ፣ የከማለዲን ደረት እንዴት ሆኖ ይሆን እያሉ ይቀመጣሉ። እንዳይሄዱ እግራቸው ያፍራል፤ እንዳይቀሩ ልባቸው ይከሳቸዋል።

ከጥምቀት በፊት መልሱ መጣ። የክዳቱ ቃል ተሰርዞ በምትኩ ጀብዱው ተጻፈ፤ ሜዳዩም ተላከ። ኮሚቴው መሪጌታንም ጠራቸው። ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጠው፣ ከማለዲን በሁለት ሰው ተደግፎ ሲቆም፣ ጉተማ በሰፊው ኮቱ ደረት ላይ ሜዳዩን ሲያጠልቁለት አዩ። ኮቱ ድሮ ልኩ ነበር። ዙሀይራ እልል አላለችም፤ አፏን በሻሿ ይዛ ቆማ ነበር።

ሰው ሲበተን መሪጌታ ጥግ ጥጉን ይዘው ሊወጡ ሲሉ በረንዳው ላይ ድምፅ አስቆማቸው።

«ዲያቆን። ና።»

ቀረቡ። ከማለዲን ከደረጃው አናት ላይ በሁለት እጁ ምርኩዙን ይዞ ቆሟል። ከታች በግቢው ጋሪ ይጠብቀዋል።

«ያን ቀን የተላክህበትን ነገር እስከ ዛሬ አልነገርኸኝም» አለ።

መሪጌታ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና፣ እንደ ወታደር እግራቸውን ገጥመው ለመቆም ሞከሩ። ጮኽ ማለት እንዳለባቸው አስታወሱ።

«ሻምበል ተሰማ፣ ‹ቦታህን ልቀቅ፤ ወደ ኋላ ተመለስ› ብለውሃል።»

ከማለዲን ያንን የደነቆረ ጆሮውን ከሩቅ የሚመጣ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው አዘነበለ።

«ዘገየህ» አለ።

«ዘገየሁ።»

«ደርሶኛል።» ምርኩዙን ወደ መጀመሪያው ደረጃ አወረደ። «እንግዲህ ልውረድ።»

መሪጌታ ሊደግፉት እጃቸውን ዘረጉ። ከማለዲን አልያዘውም፤ አልገፋውምም። ዙሀይራ ክንዱን ይዛ ደረጃ በደረጃ ስታወርደው፣ እሳቸው ያን የተዘረጋ እጅ ሳይሰበስቡ ከኋላቸው ወረዱ።